ፕሬዚዳንቱ ሲንቀሳቀሱ ሰማዩ ሲዘጋ፦ በዋሽንግተን ዙሪያ የግል በረራ እንዴት ይታቀዳል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በትንሽ አውሮፕላን የሚበር ሰው ሁለት ዓይነት ክልከላ ይጠብቀዋል። አንዱ ቋሚ ነው፤ ሌላው ዛሬ ተጥሎ ነገ ይነሳል። ቋሚውን የአካባቢው አብራሪ ሁሉ ገና ተማሪ ሳለ ጀምሮ ያውቀዋል። ሰው የሚጠመደው በጊዜያዊው ነው፤ አብራሪዎች ቲኤፍአር በሚሉት። ይህን የምጽፈው ፈቃድ ላላቸው ወይም ለማውጣት ለሚማሩ፣ ቅዳሜ ሴስና 172 ተከራይተው ቤተሰብ ጭነው ውቅያኖስ አይተው መመለስ ለሚፈልጉ ነው። ምሳሌዬ ከሜሪላንድ ጌይተርስበርግ ተነስቶ ኒው ጀርሲ ኬፕ ሜይ የሚያርፍ በረራ ነው።

ቋሚው ክልከላ

ኤስኤፍአርኤ የሚባለው ቀለበት ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ካለው ቪኦአር (አብራሪዎችን የሚመራ የሬዲዮ ጣቢያ) ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል ይሸፍናል፤ 55 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ከመሬት ጀምሮ 18,000 ጫማ ሊሞላ ሲል ያበቃል። በ2003 ሲጣል ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር፤ በ2009 ቋሚ ሆኖ ቀረ። መሃሉ ላይ ያለው ኤፍአርዜድ የተባለው ክልል የባሰ ጥብቅ ስለሆነ ልዩ ፈቃድ የሌለው የግል አብራሪ ዞር ብሎ ይለፍ። ከዚሁ ቪኦአር በ60 ኖቲካል ማይል ውስጥ በቪኤፍአር (ውጪውን በዓይን እያዩ በሚበሩበት ደንብ) ለመብረር በኢንተርኔት የሚሰጠውን የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። ነፃ ነው፤ የምስክር ወረቀቱን አትማችሁ ያዙት።

ጌይተርስበርግ ቀለበቱ ውስጥ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የኤስኤፍአርኤ የበረራ እቅድ ማስገባት፣ ከፖቶማክ ተቆጣጣሪዎች የራሳችሁን የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ) ኮድ መቀበልና በሬዲዮ መገናኘት አለባችሁ። የተለመደው የቪኤፍአር የጋራ ኮድ 1200 እዚህ አይሠራም። ብዙ ሰው የሚስታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የኤስኤፍአርኤ እቅድ ብትጠፉ ፈላጊ አያስነሳም፤ ለዚያ የተለመደውን የቪኤፍአር እቅድ ለብቻው ማስገባት ያስፈልጋል። የተሰጣችሁ ኮድም ክላስ ቢ ወደሚባለው ቁጥጥር ያለበት የባልቲሞር አየር ክልል ለመግባት ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃዱን በቃል መስማት አለባችሁ።

ምን ዓይነት ቲኤፍአር ነው?

የባለሥልጣን ቲኤፍአር ብዙ ጊዜ ሁለት ቀለበት አለው። በውስጠኛው 10 ኖቲካል ማይል ለእኛ ቢጤ በረራ የለም። እስከ 30 በሚደርሰው በውጪኛው የበረራ እቅድ፣ የራስ ኮድና ከተቆጣጣሪ ጋር የሬዲዮ ግንኙነት ካላችሁ ቀጥ ብሎ መግባትና መውጣት ይቻላል። መዞር፣ ልምምድና ሥልጠና ግን ክልክል ነው። አዲስ ሰው የሚገርመው፣ ፕሬዚዳንቱ ዋይት ሐውስ ሲቀመጡ ሳይሆን ሲወጡ ነው ሰማዩ የሚታወከው፤ ቤታቸውን ኤስኤፍአርኤው ይጠብቀዋል። ተርሞንት አጠገብ ወዳለው ካምፕ ዴቪድ ሲሄዱ እዚያ ያለው ትንሽ የተከለከለ ክልል ይሰፋል፤ ዊልሚንግተን ወይም ፊላደልፊያ ሲገቡ ደግሞ ቀለበቱ እዚያ ይሰመራል። የዊልሚንግተኑ 30 ማይል ደቡባዊ ጠርዝ ከጌይተርስበርግ ወደ ኬፕ ሜይ ከሚወስደው ቀጥታ መስመር ጥቂት ማይል ብቻ ነው የሚርቀው።

የስታዲየሙ ዓይነት ተንኮለኛ ነው። 30,000 ወይም ከዚያ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም የሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ የኤንኤፍኤል ወይም የአንደኛ ዲቪዚዮን የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ሲኖር፣ በ3 ኖቲካል ማይል ዙሪያ ከመሬት እስከ 3,000 ጫማ ከፍታ ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ መብረር ክልክል ነው። ክልከላው ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ይጀምርና ካለቀ አንድ ሰዓት በኋላ ያበቃል። ኖታሙ (ለአብራሪዎች የሚወጣው ማስታወቂያ) ግን የትኛው ቡድን መቼ እንደሚጫወት አይነግራችሁም። ቤዝቦል ደግሞ ሰዓት ቆጥሮ የሚያልቅ ጨዋታ አይደለም፤ እኩል ከወጡ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ስለ ባልቲሞሩ የቤዝቦል ቡድን «ኦሪዮልስ አሁን ጨርሰው ይሆናል» ብላችሁ አትገምቱ። እኔ የባልቲሞርን ሁለት ስታዲየሞች ጨዋታ ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ጨዋታ እንዳለባቸው ቆጥሬ ነው መስመሬን የማወጣው፤ የሚጨምርብኝ በረራ ጥቂት ደቂቃ ነው።

የሰደድ እሳትና የአደጋ ቦታ ክልከላም አለ፤ ቦታውን አይታችሁ ራቁት።

ሰዓቱ ላይ ጊዜ ስጡ

እቅድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ በእጥፍ። ኖታም የሚጻፈው በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። ለማስረዳት ያህል እኔው የሠራሁትን መስመር ተመልከቱ፦

2605092130-2605100130

ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ክፈሉት፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ። ከሜይ 9፣ 2026 በዙሉ 21:30 እስከ ሜይ 10 በ01:30 ማለት ነው። በችኮላ ያነበበው ሰው «ቅዳሜ ማታ ጀምሮ እሑድ ሌሊት ያልቃል፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለምመለስ አይነካኝም» ይላል። ሜሪላንድ ከማርች እስከ ኖቬምበር ከዙሉ 4 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በቀሪው ጊዜ 5። 21:30 ላይ 4 ቀንሱ፤ 17:30። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ ገና ጠራራ ፀሐይ። ማብቂያው 01:30ም ሲቀነስ የቅዳሜው 21:30 ይሆናል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል። ክልከላው ከእሑድ አንዲት ደቂቃ አይነካም፤ መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ግን ከኬፕ ሜይ ስትመለሱ ነው።

ቀኑ የሚቀየርበት ሰዓት ነው ተንኮሉ። ለእኛ ቀን የሚጠባው በንጋት ነው፤ ለፈረንጅ በእኩለ ሌሊት። በዙሉ ግን ሜሪላንድ ላይ በሞቃቱ ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ነገ ሆኗል። የቅዳሜ ማታ ክልከላ በእሑድ ቀን ተጽፎ ብታዩ ስህተት አይደለም።

ስበር ጉልበቴ ላይ በማስረው የማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ዙሉ፣ የሜሪላንድ 24 ሰዓት፣ የሐበሻ። ሦስተኛው ለተሳፋሪ ነው። አክስቴን «ስምንት ሰዓት እንነሳለን» ካልኳት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም 14:00 ላይ ነው ሻንጣዋን ይዛ የምትመጣው፤ እኔ ጠዋት 08:00 ማለቴ ከሆነ ስድስት ሰዓት ጠፋ። የክልከላ መስኮት ደግሞ ለዘመድ አይጠብቅም።

የምመክረው ቲኤፍአሩ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወርዳችሁ አውሮፕላኑን እንድታስሩ ነው። ኖታሙ ይቀየራል፤ የጉዞው ሰዓት ሲገፋ ወይም ሲቀደም በአዲስ ቁጥር ሌላ ይወጣል፣ የድሮው ይሰረዛል።

ካርታ ላይ ማስፈር

ፎርፍላይት በሚባለው የአብራሪዎች አፕ ላይ ቀይ ክብ ይታያል፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም አለኝ። ግን ሕግ የሆነው የኖታሙ ጽሑፍ እንጂ ክቡ አይደለም። ሥዕሉ ሳይመጣ ጽሑፉ ሊወጣ ይችላል፤ ታብሌቱም ጠዋት ያወረደውን እያሳያችሁ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መሃል ነጥቡን ከጽሑፉ አንብባችሁ በወረቀት ሴክሽናል (የበረራ ካርታ) ላይ በእርሳስና በኮምፓስ አንድ ጊዜ ስመሩት። ርቀቱ በኖቲካል ማይል መሆኑን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል ይሁን ከመሬት የሚለካው አረጋግጡ። ከጠርዙ 5 ማይል ርቄ ነው የማልፈው፤ ነፋስ ይገፋል፣ ልጅ ከኋላ ይጮኻል፣ ዓይን ከመሣሪያው ይነሳል።

ከዚያ መመለሻ ቢዘጋ የት እንደምታድሩ ወይም እንደምትጠብቁ ምረጡ። በዚህ መስመር ላይ ለእኔ ኢስተን፣ ሜሪላንድ ይመቸኛል፤ ከኤስኤፍአርኤው ውጪ ነው፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ በመኪና የሚወስዳችሁ ሰው ቀድማችሁ ለምኑ። የአውሮፕላኑን የአዳር ኪራይ ፈርቶ በችኮላ ወደ ቀለበት መግባት የባሰ ያስከፍላል።

የመጨረሻው ፍተሻ

ከዋዜማው ማታ፣ በበረራው ጠዋትና ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት። ለመመለሻውም እንደ አዲስ። በመጨረሻው ላይ አፕ ከመክፈት ፍላይት ሰርቪስ (ለአብራሪዎች መረጃ የሚሰጥ አገልግሎት) ደውሎ «በመስመሬ ላይ ቲኤፍአር አለ?» ብሎ መጠየቅን እመርጣለሁ፤ ሰው መልስ ይሰጣል፣ ንግግሩም ይቀዳል። አየር ላይ ሳላችሁ ፍላይት ፎሎዊንግ (ተቆጣጣሪው በራዳር እንዲከታተላችሁ) ጠይቁ። ተቆጣጣሪው ብዙ ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ኃላፊነቱ ግን ከእናንተ አይወርድም።

በነገራችን ላይ ሠርግ በድሮን የምትቀርጹ ወንድሞችም ቲኤፍአር ይመለከታችኋል። ከሬገን በ15 ማይል ውስጥ ያለ ኤፍኤኤ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማንሳት ከመጀመሪያውም ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሁለቱም እዚያ ውስጥ ናቸው።

ከገባችሁስ?

በሜይ 2005 ከፔንስልቬንያ ወደ ኖርዝ ካሮላይና የሚሄድ አንድ ሴስና 150 ተሳስቶ ከዋይት ሐውስ 3 ማይል ያህል ቀረበ። ዋይት ሐውስና ካፒቶል ሰው እንዲወጣባቸው ተደረገ፣ ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላን የማስጠንቀቂያ ፍሌር (የሚነድ ብርሃን) እየለቀቀ አጀበው፣ ፍሬድሪክ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ኤፍኤኤ የአብራሪውን ፈቃድ ሰረዘ። የተዋጊ አውሮፕላን አጠገባችሁ መጥቶ ክንፉን ቢያወዛውዝ እናንተም አወዛውዙና ተከተሉት፤ ወዲያው በአደጋ ጊዜው የሬዲዮ ሞገድ በ121.5 ተናገሩ፣ ሌላ ካልተባላችሁ ትራንስፖንደሩን የአደጋ ኮድ በሆነው 7700 ላይ አድርጉ። ዲሲ አካባቢ ከመሬት ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ዓይናችሁ ላይ ከበራ ከመሃል ከተማው ራቁና ተቆጣጣሪ ጥሩ።

ጠርዙን ነክታችሁ መውጣታችሁን መሬት ላይ ካወቃችሁ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለናሳ የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት ሪፖርት አስገቡ። ጥፋቱ ሳይታሰብ የተፈጸመ ከሆነና ሌሎቹ መስፈርቶች ከተሟሉ ኤፍኤኤ ጥፋቱን ቢመዘግብም የፈቃድ እገዳውን ወይም የገንዘብ ቅጣቱን አያስፈጽምም። ሆን ተብሎ ለተደረገ ግን አይሠራም፤ የብሔራዊ መከላከያ የአየር ክልልን እያወቀ የጣሰ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል።