ብስክሌት መንዳትን የዘወትር ልማድ ለማድረግ

ብስክሌት ገዝተው ጥቂት ሳምንታት ከነዱ በኋላ የሚያቆሙ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆሙት በብስክሌት የሚሄዱበት ቁርጥ ያለ ጉዳይ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ብስክሌቱን ከማይቀር ጉዞ ጋር፣ ለምሳሌ ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ከመሄድ ጋር ማያያዝ ይገባል፤ «ዛሬ ልንዳ ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ በየማለዳው የሚነሳ ከሆነ መልሱ ውሎ አድሮ «ልተወው» መሆኑ አይቀርም።

እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ይህ ቀላል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው፣ ዳገቷም በበዛው አዲስ አበባ ግን ጀማሪው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከእንጦጦ አቀበት ጋር ቢታገል ተስፋ መቁረጡ አያስደንቅም። ረዘም ቢልም ለጥ ያለውን መንገድ መምረጥ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ማቅለል፣ ሲደክም ደግሞ ያለ ኀፍረት ወርዶ መግፋት ይሻላል።

የኮርቻው ከፍታም ከሚገመተው በላይ ወሳኝ ነው፤ ተረከዝ ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ ካላለ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ጉልበትም ቶሎ ይታመማል። ጎማን በየሳምንቱ በጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ መንፋትና ሰንሰለትን ዘይት መቀባት ጉዞውን ያቀላል።

በክረምት፣ ፍሬን በእርጥብ አስፋልት ላይ ዘግይቶ ስለሚይዝ ፍጥነትን መቀነስ ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾም ሰው ረጅሙን ጉዞ ወደ አመሻሽ ቢያዛውረው ይመረጣል። ከረጅም ዕረፍት የሚመለስም በአጭር መንገድ ይጀምር።