ንብና አደይ አበባ በጥፍር ላይ፦ ቤት ውስጥ በጄል እንዴት እንደሚሰራ

ንብ ለመሳል ሰዓሊ መሆን አያስፈልግም። ነጥብ ማስቀመጥና አጭር መስመር መሳብ ከቻላችሁ ይበቃል። ጄል ደግሞ በልዩ መብራት (ላምፕ) ብርሃን የሚጠነክር፣ ለጀማሪ የሚመች የጥፍር ቀለም ነው። ተራው የጥፍር ቀለም ገና ብሩሹን ሳታነሱት መድረቅ ይጀምራል። ጄል ግን ላምፕ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ይጠብቃችኋል። መስመሩ ከጠመመ አልኮል በነካ ብሩሽ ጠርጋችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ። ካማረላችሁ ወዲያው ታደርቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ በላዩ የምትሰሩት ቢበላሽ እንኳ የታችኛው አይነካም። ሚስጥሩ ይሄው ነው፦ ትንሽ ሰርቶ ማድረቅ፣ ትንሽ ሰርቶ ማድረቅ።

ለጎንደር ሰው ንብ መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። መስከረም ሲጠባም ንቡና አደዩ አብረው ነው የሚወጡት። ሁለቱን ጥፍር ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ታዲያ ምን ይከፋል? ጥንዚዛና ቢራቢሮ ለሚወዱም ወደ ታች አለላችሁ።

ምን ምን ይያዛል

ፒያሳ ካሉት ኮስሞቲክስ ቤቶች ወይም ቅዳሜ ገበያ ወጣ ስትሉ ቤዝ ኮት (ከሁሉ በፊት የሚቀባው)፣ ቶፕ ኮት (በመጨረሻ ከላይ የሚቀባው)፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ጄል ፈልጉ። አምስት ጠርሙስ ነው። ቀይና ቡናማ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም አትጨነቁ። ስትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ። "የጄል መልክ" የሚሰጥ ተብሎ የሚሸጥ ተራ ቀለም አለ። እሱ በአየር ነው የሚደርቀው፤ ላምፕ ውስጥ ቢውል ቢያድር አይጠነክርም። የምትፈልጉት ዩቪ (UV) ወይም ኤልኢዲ (LED) የሚል የተጻፈበትን ነው፤ የላምፑ ብርሃን ዓይነት ነው። ቤዙ፣ ቀለሙና ቶፑ ከአንድ ብራንድ ቢሆኑ ይመረጣል።

ላምፕ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሶኬት ላይ የሚሰካው ትልቁ ላምፕ ቶሎ ያደርቃል፤ አምስቱንም ጣት በአንዴ ይይዛል። ግን መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ጣታችሁ በእርጥብ ጄል ተቀብቶ መብራት እስኪመጣ እጅ አንጠልጥሎ መቀመጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እኔ ብጠየቅ በዩኤስቢ የሚሰራውን ትንሹን ላምፕ ነው የምመክረው፤ ፓወር ባንክ ላይ ይሰራል። አቅሙ አነስ ስለሚል ጊዜ ጨምሩለት። ትልቁ በ60 ሰከንድ የሚያደርቀውን ትንሹ ላምፕ ላይ ሁለት ዙር ማስገባት ነው።

ለስዕሉ ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል። ያልተነካ የአይላይነር ብሩሽ ካላችሁ በደንብ ይሰራል። ለነጥብ ስቲኪኒ ይበቃል። ተለቅ ላለ ነጥብ የፀጉር ፒን ድቡልቡል ጫፍ አለ። ቀለም የምታንጠባጥቡበት ቁራጭ ፎይል፣ ከፋርማሲ አልኮል፣ የጥፍር ሞረድ እና ሶፍት ጨምሩ። አልኮሉ ጠንከር ያለ ቢሆን ይሻላል፤ ባለ 70 ፐርሰንቱም ያስኬዳል። ጥጥ ለመጥረጊያ አይሆንም። ክሩ ጄሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መስኮት ስር አትቀመጡ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዩቪ አለ፤ የጎንደር የቀትር ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፎይሉ ላይ ያንጠባጠባችሁት ቀለምና ብሩሹ ሳትጠቀሙበት ይጠነክራሉ። ጠርሙሱንም ከፍታችሁ ላምፑ አጠገብ አትተዉ።

ጥፍሩን ማዘጋጀት

ብዙ ሰው ጄሉ በሦስተኛው ቀን ተላጠ ብሎ ቀለሙን ይረግማል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዝግጅቱ ነው። ቅባትና እርጥበት የጄል ጠላት ናቸው። የዚያን ቀን ፀጉራችሁን ቅቤ ከተቀባችሁ ጥፍሩን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ እጅ ሳታውቁት ወደ ራስ ይሄዳል። ልብስ አጥባችሁ ወይም ሊጥ አቡክታችሁ ወዲያው አትጀምሩ። ውሃ የጠጣ ጥፍር ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያኔ ጄሉ ከጫፉ ይነሳል። አንድ ሁለት ሰዓት ታገሱ።

ከዚያ ጥፍሩን በፈለጋችሁት ቅርጽ ሞርዱት። ከስሩ ያለውን ስስ ቆዳ በቀስታ ወደ ኋላ ግፉት፤ አትቁረጡት። የጥፍሩን ላይ በለስላሳ ሞረድ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ብቻ ዳሰስ አድርጉት። መፋቅ አይደለም። በመጨረሻ አልኮል በነካ ሶፍት ጥረጉትና በጣት አትንኩት።

ቤዝና መደብ

ቤዝ ኮቱን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የጥፍሩን ጫፍም በብሩሹ ነካ አድርጉት፣ እንዲታሸግ። 60 ሰከንድ አድርቁ። አውራ ጣትን ለብቻው አስገቡት፤ ከሌሎቹ ጋር ሲገባ ስለሚያጋድል ብርሃኑ በጎን ነው የሚያገኘው።

ቀለሙ ቆዳ ላይ እንዳይደርስ። ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ጄል ውስጥ አክሪሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሳይደርቁ ቆዳ ከነኩ፣ በተለይ በተደጋጋሚ፣ አለርጂ ሊያመጡ ይችላሉ። አለርጂው አንዴ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት አንዳንድ መሙያም ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ጣጣው ከጥፍር ያልፋል። ቀለም ከፈሰሰ ላምፕ ውስጥ ሳታስገቡ በአልኮል በራሰ ስቲኪኒ ጥረጉት። ጣታችሁ ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ውሃ ከቋጠረ አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። የጠርሙሱ ጽሑፍ ላይ ቲፒኦ (TPO) የሚል፣ ጄሉ በብርሃን እንዲጠነክር የሚያደርግ ንጥረ ነገር ካያችሁም ሌላ ምረጡ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ንጥረ ነገር ለመራባት ጤና አስጊ ነው በሚል ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያ ውስጥ ከልክሎታል።

አሁን የመደብ ቀለም። ንቡና አደዩ በሚያርፉባቸው ጥፍሮች ላይ ነጭ ወይም የወተት መልክ ያለው ቀለም ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ አድርቁ። ወፍራም አንድ ዙር ሁለቱን ስስ ዙሮች አይተካም። ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ከዚያ ይሸበሸባል። ወፍራም ጄል ሲጠነክር ሙቀትም ያወጣል። ጥፍራችሁ ካቃጠለ እጃችሁን አውጥታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ መልሱ። የሌሎቹን ጣቶች ጥፍር ቢጫ ወይም የማር ቀለም ብቻ አድርጓቸው።

ለሁሉም ጥፍር ንብ አትሳሉ። አሥር ንብ ይረብሻል። አንድ በቀለበት ጣት፣ አደዩ በመሐል ጣት፣ አለቀ።

ንቡን መሳል

ከክንፉ ጀምሩ። ብዙ ሰው ከአካሉ ይጀምርና ክንፉ በላዩ ወጥቶ ያስጠላል። ፎይሉ ላይ አንድ ጠብታ ነጭና ሁለት ጠብታ ቶፕ ኮት አደባልቁ፤ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ይወጣል። በስቲኪኒ ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ነጥብ በብሩሹ ጫፍ ወደ አንድ ቦታ ጎተት አድርጉ። እንባ የመሰለ ቅርጽ ይሆናል። ንብ በትክክል ሁለት ጥንድ፣ ማለትም አራት ክንፍ አላት። ጥፍር ላይ ግን ሁለቱ ይበቃሉ፤ አራቱን ልሳል ካላችሁ የተጨናነቀ ይሆናል። 30 ሰከንድ አድርቁ።

ቀጥሎ አካሉ። የክንፎቹ ጫፍ በተገናኘበት ላይ ሁለት ቢጫ ነጥቦች አነካክታችሁ አስቀምጡና አንድ ሞላላ አድርጓቸው። ከምስር ፍሬ አነስ ይበል። አድርቁ። ቢጫ ቀለም ሳስ ይላል፤ ስሩ ካሳየ በላዩ አንድ ዙር ድገሙ።

አሁን ጥቁሩ። ብሩሹን ጥቁር ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ፎይሉ ላይ ጠረግ አድርጉት፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ብቻ ይቅር። በአካሉ ላይ ሁለት መስመር አግድም ሳቡ። ቀጥ ያለ ሳይሆን ትንሽ ጎበጥ ያለ መስመር አካሉን ድቡልቡል ያስመስለዋል። በአንዱ ጫፍ ለራስ ጥቁር ነጥብ፣ በሌላው ጫፍ ለመንደፊያው ሹል ጭረት ጨምሩ። ከራሱ ሁለት አንቴና አውጡ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ ትንሿን ጣት ደግሞ ስዕሉ የሚሰራበት እጅ ላይ ደገፍ አድርጓት። ጥቁር ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ስስ ይሁን፣ ላምፕ ውስጥም ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆይ።

የሚያምረው ነገር ዓይኑ ላይ ነው። ጥቁሩ ራስ ላይ በስቲኪኒ ሁለት ነጭ ነጥብ አድርጉና አድርቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ነጭ ውስጥ ሚጢጢ ጥቁር ነጥብ ወደ አንድ ጎን አስጠግታችሁ አስቀምጡ። መሐል ላይ ካደረጋችሁት ንቡ የደነገጠ ይመስላል። ወደ ጎን ሲሆን ግን የሆነ ነገር የሚያይ ይሆናል። በድሮ ሥዕሎቻችን ላይ ያሉትን ትልልቅ ዓይኖች ያስተዋለ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ከኋላው በጥቁር ነጠብጣብ የተጠማዘዘ የበረራ መንገድ ብትሠሩለት ወደ አጠገቡ ጣት፣ ወደ አደዩ፣ የሚበር ይመስላል።

አደዩ

መሐል ላይ አንድ ትንሽ ነጥብ አድርጉ፤ ቢጫው ላይ ቡናማ ነካ ብታደርጉበት ጥሩ ጠቆር ያለ መሐል ይወጣል። ቡናማ ከሌለ ጥቁር በጣም በጥቂቱ። በዙሪያው ስምንት ያህል ቢጫ ነጥብ ደርድሩና እያንዳንዱን በብሩሽ ወደ መሐል ሳብ አድርጉት። ቢጫው በነጭ መደብ ላይ ነው የሚጎላው። አበባውን ሙሉውን መሐል ላይ ከማስቀመጥ ከጥፍሩ ጥግ ግማሹ ብቻ ብቅ ሲል ይበልጥ ያምራል፤ ሥራውም ይቀላል።

ጥንዚዛና ቢራቢሮ

ለጥንዚዛ ቀይ ክብ ነጥብ፣ ከደረቀ በኋላ ከፊቱ ጥቁር ግማሽ ክብ ለራስ፣ መሐሉን የሚከፍል ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ነጠብጣብ። ቢራቢሮ ደግሞ አራት እንባ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ወደ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ወደ ታች፣ መሐላቸው ጥቁር ጭረት።

መጨረስ

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ቶፕ ኮት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ስዕሉ ላይ ብሩሹን አትጫኑት። ጫፉን አሽጉና ሙሉ ጊዜውን አድርቁ። ከላምፕ ሲወጣ የሚያጣብቅ ነገር ከተሰማችሁ አትደንግጡ፤ አንዳንዱ ቶፕ ኮት አየር የነካው ገጹ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል በአልኮል ጥረጉት፣ ያኔ ያንጸባርቃል።

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ስዕሉን ግራ እጁ ላይ ቢያደርገው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ መሳሉ ይቀላል። ሁለተኛ፣ እርድ ያለበት አልጫ የሚበላው በቀኝ እጅ ነው፤ እርድ ደግሞ ነጭ ጄልን ቢጫ ያደርጋል። ቀኙን የማር ቀለም ብቻ ካደረጋችሁት ቢነካካም አያስታውቅም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጄሉ ይወፍራል፤ ብሩሹም ይጎትታል። ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቃችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና በመዳፋችሁ መሐል አንከባሉት። አትነቅንቁት፣ አረፋ ይገባበታል።

ማስለቀቅ

በደንብ ከተሰራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ጫፉ ሲነሳ በጥርስ ወይም በጥፍር አትላጡት፤ የራሳችሁን ጥፍር ሽፋን ይዞ ነው የሚነሳው። የላዩን አንጸባራቂ በሞረድ አጥፉ። ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ ጥፍሩ ላይ አድርጉና በፎይል ጠቅልሉት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የለሰለሰውን በቀስታ ግፉት፤ እምቢ ካለ አትፋቁት፣ መልሳችሁ ጠቅልሉት። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ትነቱም ጭምር። ስለዚህ ቡና እየተፈላ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጦ ጥፍር ማስለቀቅ የለም። መስኮት ክፈቱ፤ ሲያልቅ እጃችሁን ታጠቡና ቫዝሊን በጥፍሩ ዙሪያ ቀቡ።