ሞዴሉ «ደረቅ ነው» ይላል፣ እንፋሎቱ ግን እርጥብ ነው

የግፊት ውሃ ሪአክተር ባለው የኒውክሌር ጣቢያ፣ የእንፋሎት ማመንጫው አናት ላይ ውሃን ከእንፋሎት የሚለዩ ሁለት ደረጃዎች አሉ። ከታች ድብልቁን የሚያሾሩ ክንፎች ያሏቸው ሴፓሬተሮች፣ ከላይ ደግሞ ዚግዛግ ብረቶች የተደረደሩባቸው ማድረቂያዎች ናቸው። አምልጦ የሚወጣው ውሃ በክብደት ከ0.25 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ገደብ የተለመደ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በሰከንድ 500 ኪሎ እንፋሎት ለሚያወጣ ማመንጫ ግን በየሰከንዱ 1.25 ኪሎ ውሃ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል ማለት ነው።

ችግር፦ ይህን ፍሰት በኮምፒውተር የሚያሰላው ሞዴል (ሲሙሌሽኑ) አንድም ጠብታ አያመልጥም ይላል፤ ጣቢያው ላይ ሲለካ ግን ውሃ አለ።

ምክንያት፦ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ግድግዳውን ነው። ጠብታው ብረት እንደነካ ከሂሳብ እንዲወጣ ማድረግ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። በእውነቱ ግን ጠብታው ብረቱ ላይ ስስ የውሃ ንጣፍ ይሆናል፤ እንፋሎቱ ሲፈጥን ያንን ንጣፍ ገፎ እንደገና ጠብታ አድርጎ ይዞት ይሄዳል።

መፍትሄ፦ የንጣፍ ሞዴል ጨምሩ፤ የተገፈፈውም ውሃ ወደ ፍሰቱ ይመለስ። ከዚያ የእንፋሎቱን ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጉ። እውነተኛ ማድረቂያ ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ በድንገት ውሃ ማሳለፍ ይጀምራል። የእናንተ ሞዴል በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ እየደረቀ ከሄደ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር አትመኑት።

ችግር፦ ከአየርና ውሃ ሙከራ ጋር ልክ ገጥሞ የነበረው ሞዴል በጣቢያ ሁኔታ ይስታል።

ምክንያት፦ በቤተ ሙከራ ውሃው ከአየሩ 800 እጥፍ ያህል ይከብዳል። በ7 ሜጋፓስካል፣ 286 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ግን ውሃው በሜትር ኩብ 740 ኪሎ፣ እንፋሎቱ ደግሞ 36.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 20 እጥፍ ብቻ። የውሃው የገጽ ውጥረትም (ገጹን አጥብቆ የሚይዘው ኃይል) ወደ ሩብ ስለሚወርድ ንጣፉ በቀላሉ ይገፈፋል።

መፍትሄ፦ ጥግግቱን ብቻ ቀይሮ መቀጠል አይበቃም። የገጽ ውጥረቱንና የእንፋሎቱን ዝልግልግነትም ቀይሩ፤ የመገፈፉን ቀመር ደግሞ በዌበር ቁጥር (የእንፋሎቱ ግፊያ ከገጽ ውጥረቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚያሳየው ቁጥር) አስሉት።

ችግር፦ የጠብታውን መጠን ትንሽ ስትነኩት ውጤቱ ይገለበጣል።

ምክንያት፦ አንድ ዓይነት መጠን ብቻ ስለተሰጠ ነው። ጠብታ ለፍሰቱ ምላሽ የሚሰጥበት ጊዜ በዲያሜትሩ ካሬ ይለወጣል፤ ዲያሜትሩ 10 ጊዜ ካነሰ ጊዜው 100 ጊዜ ያጥራል። ትልቁ ብረቱ ላይ ይላተማል፣ ደቃቁ ከእንፋሎቱ ጋር ታጥፎ ያልፋል።

መፍትሄ፦ የመጠን ስርጭት ስጡት፤ የደቃቆቹን ጫፍ ወዲያና ወዲህ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

ችግር፦ አዙሪቱ ከክንፎቹ እንዳለፈ ቶሎ ይሞታል። ይህ ብዙ ጊዜ ኬ-ኤፕሲለን የተባለው ቀለል ያለ የሁከት ፍሰት ሞዴል ጥፋት ነው፤ ሁከቱን በየአቅጣጫው ለይቶ ወደሚያሰላው የሬይኖልድስ ስትረስ ሞዴል ተሻገሩ፣ መሃል ዘንጉ ላይም ሜሹን (ስሌቱ የሚከፋፈልበትን መረብ) አጥብቡ።

ችግር፦ አንዱ ሴፓሬተር ብቻውን ሲሰላ ጤነኛ ነው፣ ሙሉው ማመንጫ ግን አይደለም። የሪአክተሩ ሙቅ ውሃ በሚያልፍባቸው የዩ ቅርጽ ቱቦዎች ሙቅ ጎን (ውሃው በሚገባበት በኩል) ብዙ እንፋሎት ስለሚፈጠር ከዚያ በላይ ያሉት ሴፓሬተሮች ከአማካዩ በላይ ይጫናሉ። የመግቢያውን ፍሰት ከቱቦዎቹ ስሌት ውሰዱ፤ የባሰበትንም ሴፓሬተር ለይታችሁ አስሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልገጠመ ልኬቱን ጠይቁ። ከዘዴዎቹ አንዱ ውሃውን ሶዲየም 24 በተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር መከታተል ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 15 ሰዓት ሲሆን ከእንፋሎት ጋር ስለማይተን የሚጓዘው ከውሃው ጋር ነው። ናሙናው የተቀዳው ውሃው የቧንቧውን ግድግዳ ይዞ ከሚፈስበት ቦታ ከሆነ ግን፣ የተሳሳተው የእናንተ ሞዴል ላይሆን ይችላል።