የድሮ የታይፕ ጠረጴዛን ሳያበላሹ እንዴት ማደስ ይቻላል?

መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ ሲሸጡ፣ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ብቅ ሲሉ፣ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ በቀለም ጠብታና በሻይ ብርጭቆ ክብ የተዥጎረጎረ ጠረጴዛ ያገኙ ይሆናል። ሜትር አውጥተው ይለኩት። የተለመደው የጽሕፈት ጠረጴዛ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህኛው 66 ወይም 68 ከሆነ ለታይፒስት የተሠራ ነው። አናጺው እንጨት አጥሮት አይደለም፤ የጽሕፈት መኪናው ቁልፎች ከጠረጴዛው ፊት ከፍ ስለሚሉ የጸሐፊዋ ትከሻ እንዳይሰቀል ብሎ ነው። ስለዚህ ከእግሩ ሥር ጣውላ አስገብተው ከፍ አያድርጉት። ለላፕቶፕም ቢሆን የሚመቸው ይኸው ዝቅታው ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው ይዩት። እግሮቹን ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጡ ምስጥ በልቷቸዋል፣ ይተዉት። ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ካሉ አይደንግጡ። ከቀዳዳዎቹ ሥር አዲስ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካዩ ግን ነቀዙ ገና ሥራ ላይ ነውና፣ የእንጨት ነቀዝ መድኃኒት ገዝተው ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ ጓንት አድርገው በመርፌ ቀዳዳ በቀዳዳ ይስጡት። መነቃነቁ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳዎታል።

እንጨቱንም ይለዩ። የመሳቢያውን ውስጥ በቢላ ጫር አድርገው ያሽትቱ፤ አሁን የተቀረጸ እርሳስ ከሸተተዎት የሐበሻ ጥድ ነው። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ዋንዛ ወደ ቡናማ ያደላል። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ሦስቱንም ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ጣውላ ወፍራም ቀለም ቀብቶ መሸፈን ለእኔ ነውር ነው።

ሥራውን ከመገጣጠሚያዎቹ ይጀምሩ። በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ብዙውን ፊደል ለማውጣት የፊደሉን ግንድና የድምፅ ምልክቱን ለየብቻ መምታት ያስፈልግ ነበር። በአንድ ፊደል ሁለት ምት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመ እግር ቢላላ አይፈረድበትም። ምስማር ግን አይምቱበት፤ ምስማር እንጨቱን ይሰነጥቃል እንጂ አያጠብቀውም። የላላውን ክፍል በቀስታ ይንቀሉ። በውስጡ የደረቀ ቡናማ ሙጫ ካለ፣ ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ የድሮ ሙጫ ሊሆን ይችላል፤ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሰው በመሮ ይፋቁት። አዲስ ኮላ በአሮጌ ሙጫ ላይ አይዝም። እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ኮላ ቀብተው ይግጠሙት። ሞርሳ ከሌለዎት እግሮቹን በገመድ ዙሪያውን አስረው፣ በገመዱ መሐል ዱላ አስገብተው እስኪጠብቅ ይጠምዝዙ። ቀጥሎ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ጠረጴዛው ተንጋዷል። ኮላው ሳይደርቅ ያቃኑት፣ ከዚያም 24 ሰዓት አይንኩት።

መሳቢያዎቹን ከማውጣትዎ በፊት በእርሳስ ቁጥር ይስጧቸው። እኔ በመጀመሪያው ጠረጴዛዬ ይህን ንቄ ግማሽ ቀን ሙሉ የትኛው የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ስሞክር ዋልሁ፤ በእጅ የተሠሩ መሳቢያዎች አንዱ በሌላው ቦታ በትክክል አይገቡም። የሚይዝ መሳቢያ ካለ ሐዲዱን ሻማ ይቀቡት። ሐዲዱ ተበልቶ ከጎደጎደ ቀጭን ጣውላ ይለጥፉበት።

አሁን ወደ ፊቱ። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይነሳና ሃምሳ ዓመት የተጠራቀመ መልክ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። በተለይ ፊቱ ከስስ የእንጨት ልጣጭ የተለበጠ ከሆነ ልጣጩ ከ1 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል፣ አንዴ ካለፉት መመለሻ የለውም። በሳሙና ውኃ ነክረው በደንብ በጨመቁት ጨርቅ ይጥረጉት፣ ወዲያው ያድርቁት። አልኮል የነካ ጥጥ በማይታይ ቦታ ይሞክሩ፤ ከተጣበቀ ሽፋኑ ሼላክ፣ ማለትም አልኮል የሚያሟሟው የድሮ ቫርኒሽ ነውና ከዚያ በኋላ አልኮል አያስጠጉት። የቀለም ጠብታውን ይተዉት።

ከጽዳቱ በኋላ ፊቱን የሚቀቡትን ሰም እቤት ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ያቅልጡ። እሳቱን ሙሉ በሙሉ ካጠፉና ዕቃውን ከምድጃው ካራቁ በኋላ ብቻ ሁለት እጅ አኳራጅ ይጨምሩ፤ ተቀጣጣይ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። በስሱ ይቀቡ፣ ሃያ ደቂቃ ይቆዩ፣ በሱፍ ጨርቅ ይወልውሉ። በማግሥቱ ይድገሙት።

መኪናውን ወደ ውስጥ አጥፎ የሚደብቅ ዓይነት ጠረጴዛ ከገጠመዎት ስፕሪንጉን ራስዎ አይፍቱ። 15 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንዲያነሳ ተወጥሮ የተሠራ ነውና፣ ባዶውን ሲለቀቅ ጣት ይሰብራል። እሱን ለባለሙያ ይስጡ። መኪናውን መልሰው ሲያስቀምጡ ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ድምፁን ይቀንሳል፣ ሰሙንም አይፍቀውም።