በጅማ ግቢ ዶሮና ጓሮ አትክልትን አብሮ መያዝ፦ ከቤቱ እስከ መደቡ

ጅማ ላይ ዶሮና ጓሮ አትክልት አብሮ ለመያዝ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ዝናብ ያስብ። በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ከተማ ዶሮዋንም ጎመኑንም ቶሎ የሚጎዳው እርጥበት ነው።

ደረጃ 1፦ ደረቅ ቤት

ለአምስት ዶሮ ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ የቆርቆሮው ጠርዝም ከግድግዳው አልፎ ይውጣ፣ ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ እንዳይገባ። ከግድግዳው በላይ በኩል አየር ማስገቢያ ይተዉና በጠንካራ ሽቦ ይሸፍኑት። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈለት ገላው አይቀርም።

ቆጡን ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር አስበው ይስሩ፤ ከእንቁላል መጣያው ሳጥን ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ሳጥኑ ውስጥ እያደሩ እንቁላሉን በኩስ ያበላሹታል።

ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ያንጥፉ። የቡና ገለባ በቅርብ ቢገኝም ሲረጥብ ስለሚሻግት ለወለል አልመርጠውም። ከምንጣፉ አንድ እፍኝ አንስተው ጨምቀው ይልቀቁት፤ ከተበተነ ደህና ነው፣ ተጣብቆ ከቀረ ያኔውኑ ይቀይሩት። የረጠበ ምንጣፍ የሚያወጣው ሽታ የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል።

ደረጃ 2፦ ቄብና ክትባት

ጫጩት ማሳደግ ሙቀትና ልምድ ይጠይቃል፤ ለጀማሪ የሦስት ወር ቄብ ይሻላል። አምስተኛውና ስድስተኛው ወር አካባቢ መጣል ይጀምራሉ፤ ለእንቁላሉ አውራ ዶሮ አያስፈልግም። ከእጅዎ በቆሎ ያስለምዷቸው። ሲያድጉ አይሸሹዎትም፤ ይዘው ካላዩ ደግሞ የታመመችውን በጊዜ አያውቁም።

ፈንግል ከገባ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠርና የአንገት መጣመም ምልክቶቹ ናቸው፤ መድኃኒት የለውም፣ ያለው ክትባት ነው። ሲገዙ የተከተቡ መሆናቸውን ይጠይቁ፤ ቀጣዩን ጊዜም በአቅራቢያዎ ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ይያዙ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆንና ከተከፈተ ስለማይቆይ ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጦ ማስከተብ ያዋጣል።

ደረጃ 3፦ ምግብ

አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። የጎመን ቅጠልና የተረፈ እንጀራ ተጨማሪ እንጂ ዋናው ምግብ አይሁን። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀውና ፈጭተው ይስጡ፣ ቅርፊቱ እንዳይሳሳ። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ግን ለወፍ ዘር መርዝ ነው፤ ጅማ ላይ በየግቢው ስለሚወድቅ ይጠንቀቁ። የቡና አተላም አይስጧቸው።

ደረጃ 4፦ ኩሱን ማብላላት

ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል። አንድ እጅ ኩስ ከሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ ጭድ ወይም የቡና ገለባ ጋር ይከምሩ፤ የቡና አተላውም እዚህ ይግባ። ዝናብ እንዳያጥበው በላስቲክ ይሸፍኑት፤ በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት። ከሦስት ወር ያላነሰ ቆይቶ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል። እንደ ሰላጣ ጥሬውን ለሚበላ ነገር ከዚያም በላይ ቢቆይ ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ መደቡ

መደቡን 1 ሜትር ወርድና 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይስጡት፤ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፍሩ። በቀርከሃ ወይም በሽቦ ይጠሩት፤ ዶሮ ከገባች የቆስጣ ችግኝ አይተርፍም። ሰብሉ ከተነሳ በኋላ ግን ይልቀቋቸው፤ ትሉን ለቅመው አፈሩን ጭረው ይወጣሉ።

ጎመንና ቆስጣ ክረምቱን ይችላሉ። ቲማቲም በዝናብ ወቅት ቅጠሉ በበሽታ ስለሚጠቁር ዝናቡ ሲቀንስ፣ ጥቅምት አካባቢ ይትከሉት። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ውሃ የሚተኛበት ቦታ ይጠላሉ፤ ፀሐይ የሚያገኘውን የመደቡን ከፍተኛ ጫፍ ይስጧቸው። የጥብስ ቅጠል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል። ለድንብላልና ለበሶብላ ዘር ይበቃል። በሶብላው ሲያብብ ቆርጠው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስር አንጠልጥለው ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ መዓዛው ይጠፋል።