ኢሜይሉ ተልኳል፣ አልደረሰም፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ነርስ ኮምፒውተር ወደምጠግንበት ክፍል መጣች። ሥራ ያመለከተችበት ተቋም የቃለ መጠይቁን ቀን በኢሜይል አሳውቄሻለሁ ይላል፤ እርሷ ዘንድ ግን የደረሰ ነገር የለም። ስልኳን አውጥታ እያሳየችኝ «ወንድሜ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። የአይፈለጌ መልዕክት ማህደሯን ከፈትነው። ደብዳቤው «ሎተሪ ደርሶዎታል» በሚል ማጭበርበሪያና በአንድ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ መካከል ተቀምጦ አገኘነው። ቃለ መጠይቁ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር።

ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ይህንን ለማረጋገጥ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል መመርመር ነበረብን። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ምርመራና በየቀኑ የሚገጥሙኝን ሌሎች ችግሮች ነው። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሚታይ፣ ከምን እንደመጣና ማን ማስተካከል እንዳለበት እናገራለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በዚህም ምክንያት የሌላው ጥፋት ተጠቃሚው ላይ ይወድቃል።

«ልከንልዎታል» ይላሉ፣ እኔ ዘንድ ግን የለም

አይፈለጌ መልዕክት የሚገባበትን ማህደር ማየት እንደሚገባ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በጂሜይል የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የላኪውን ስም ጽፈው ሲፈልጉ ፍለጋው በተለመደው አሠራር ያንን ማህደርና የቆሻሻ መጣያውን እንደማያካትት ነው። «ፈልጌ አጣሁት» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ማህደሩን ራሱን ይክፈቱ፤ አይፈለጌ የተባለ መልዕክት ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ስለሚሰረዝ ቀኑ ሳያልፍ ያድርጉት። እዚያ ከሌለ ማስታወቂያዎች ተለይተው የሚቀመጡበትን ክፍል ይመልከቱ። ቀጥሎ ማከማቻው አለመሙላቱን ያረጋግጡ። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለሰነድና ለፎቶ የጋራ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ሞልቶት ከሆነ አዲስ ደብዳቤ ቦታ አጥቶ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ደብዳቤውን ካገኙት አንብበው ብቻ አይተዉት። «አይፈለጌ መልዕክት አይደለም» የሚለውን ይጫኑ፤ የላኪውንም አድራሻ በእውቂያዎችዎ ውስጥ ያስገቡ። ማጣሪያው የሚማረው ከሚያየው ነው፤ እርስዎ ካላረሙት ስህተቱን ትክክል አድርጎ ይይዘዋል። ፈጽሞ ሊያመልጥዎት ከማይገባ ላኪ የሚመጣ ከሆነ በቅንብሩ ውስጥ «ከዚህ አድራሻ የሚመጣውን ወደ አይፈለጌ አትላክ» የሚል ደንብ ያብጁ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። በጂሜይል በመልዕክቱ ጎን ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ሙሉ መነሻውን የሚያሳየውን ምርጫ (Show original) ሲከፍቱ ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ (SPF፣ DKIM፣ DMARC) የሚሉ መስመሮች ያገኛሉ፤ ላኪው ነኝ ያለው ራሱ መሆኑን የሚፈትሹ ማረጋገጫዎች ናቸው፣ ዝርዝራቸውን ከታች እመለስበታለሁ። በየመስመሩ ትይዩ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚል ውጤት ተጽፏል። ሌሎች አገልግሎቶችም ተመሳሳይ ነገር የሚያሳይ ቦታ አላቸው። በነርሷ ደብዳቤ ላይ የመጀመሪያው መስመር ወድቋል ይል ነበር። ተቋሙ ኢሜይል የሚልክበትን ሰርቨር (ደብዳቤ የሚያመላልሰውን ኮምፒውተር) ቀይሯል፤ «በስሜ የሚልክልኝ ይህ ነው» ብሎ በይፋ ያስመዘገበውን ዝርዝር ግን አላደሰም። ያንን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው። በሳምንቱ ሌላ ቀጠሮ ሰጧት።

ይህ ሁሉ ማረጋገጫ ለምን አስፈለገ? የኢሜይል መላላኪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ በይነመረብ ላይ የነበሩት ጥቂት የምርምር ተቋማት ነበሩ፤ ሰው ሰውን ያምን ነበር። ላኪ በፖስታው ጀርባ ላይ የፈለገውን ስም ቢጽፍ የሚጠይቀው አልነበረም። በጅምላ የተላከው የመጀመሪያው ያልተፈለገ ማስታወቂያ ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሰው ለ400 ያህል ሰዎች ስለ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ቢል ጌትስ በዳቮሱ የዓለም ኢኮኖሚ መድረክ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ችግሩ መፍትሄ ያገኛል ብሎ ነበር። አላገኘም፤ እስካሁንም በማጣሪያ እየተከላከልን ነው።

ማንኛውም ማጣሪያ ይሳሳታል። ጠበቅ ካደረጉት የሥራ ደብዳቤ ይይዛል፤ ላላ ካደረጉት አጭበርባሪ ያስገባል። መስመሩን የት እንደሚያሰምር የሚወስነው ግን ኩባንያው ነው፤ እኔ የምከራከረውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰርቨር የተጠራጠረውን ደብዳቤ በር ላይ ሊመልሰው ይችላል፤ ያኔ ላኪው ምክንያቱን የያዘ መልስ ይደርሰውና ያስተካክላል። ወይም «ተቀብያለሁ» ብሎ ይወስድና ማንም በማይከፍተው ማህደር ውስጥ ያኖረዋል፤ ያኔ ላኪው ደረሰ ብሎ ያርፋል፣ ተቀባዩ አልተላከልኝም ብሎ ይጠብቃል። ኩባንያዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት አለ፤ የተመለሰበትን ምክንያት የሰማ አጭበርባሪ ዘዴውን ያሻሽላል ይላሉ። ምክንያቱ እውነት ነው። ነገር ግን ለተቀባዩ በሳምንት አንድ ጊዜ «እነዚህን ከእርስዎ ደብቄያለሁ» የሚል አጭር ዝርዝር መላክ አጭበርባሪውን አይጠቅመውም፤ በድርጅት ኢሜይሎች ላይ እንዲህ ያለ አገልግሎት ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ለተራው ሰውም ይገባዋል።

የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ደንበኞች ዘንድ አይደርስም

ተመልሶ የመጣ መልዕክት ካለ በውስጡ ያለውን የስህተት ቁጥር ያንብቡ። በ4 የሚጀምር ከሆነ ችግሩ ጊዜያዊ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ይጠብቁ። በ5 የሚጀምር ከሆነ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ ያንኑ ደብዳቤ አሥር ጊዜ መላክ ጥርጣሬውን ያባብሰዋል እንጂ አያደርሰውም።

ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስቱ መስመሮች በአንዱ ላይ ነው። ኤስፒኤፍ ማለት በዶሜይንዎ (በኢሜይል አድራሻዎ ከ@ በኋላ ባለው) ስም እንዲልኩ ውክልና የተሰጣቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ዲኪም ደብዳቤው በመንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚመሰክር ማህተም ነው። ዲማርክ ደግሞ ውክልናም ማህተምም የሌለው ደብዳቤ በስሜ ከመጣ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚል መመሪያ ነው። ደጋግሜ ያገኘሁት ስህተት ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ማስመዝገብ ነው፤ አዲሱ ባለሙያ የቀድሞውን ሳያጠፋ የራሱን ይጨምራል። ደንቡ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ሌላው ርካሽ የጋራ ሰርቨር ነው፤ ጎረቤትዎ በዚያው አይፒ አድራሻ (ሰርቨሩ በበይነመረብ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ማጭበርበሪያ ሲልክ እርስዎም አብረው በጥቁር መዝገብ ላይ ይወጣሉ። አድራሻው እ.ኤ.አ. በ1998 በተመሠረተውና የአይፈለጌ መልዕክት ላኪዎችን በሚመዘግበው ድርጅት በስፓምሃውስ መዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩን ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ጉግልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም እንዲያሟሉ አስገድደዋል፤ ለጂሜይል ወሰኑ በቀን 5,000 መልዕክት ነው። አይፈለጌ ነው ብለው የሚከሱ ተቀባዮች ብዛትም ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት። አነስተኛ ላኪም ቢሆን ከኤስፒኤፍ ወይም ከዲኪም ቢያንስ አንዱ ይጠየቃል።

ሥራው ለሚያውቅ ባለሙያ የግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ «እባክዎ የአይፈለጌ መልዕክት ማህደርዎን ይመልከቱ» ብሎ ለዓመታት ለጥፎ ሲተው ያናድደኛል። የራሱን ግማሽ ቀን ለማዳን የሺህ ሰዎችን ጊዜ ይወስዳል።

አማርኛው ተበላሽቶ መጣ

የተበላሸበትን መልክ በደንብ ይመልከቱ፤ መልኩ ምክንያቱን ይናገራል። ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው የእርስዎ መሣሪያ ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ነው። ቆየት ያለ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከሆነ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የተባሉትን ነጻ ፎንቶች መጫን ይበቃል። የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደበላልቀው ከታዩ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን አንድ ዓይነት እንዲያነቡ ከሚያደርገው የጋራ ደንብ) በፊት በነበረ የአማርኛ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ እነዚያ ፕሮግራሞች የ«ሀ»ን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ያው ፎንት የሌለው ሰው ትርምስ ነው የሚያየው። ማጣሪያውም የሚያየው ያንኑ ትርምስ ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከመጣ ፊደሉ በመንገድ ላይ ጠፍቷል፤ እርስዎ ዘንድ የሚመለስበት መንገድ የለም፣ እንደገና እንዲላክ ይጠይቁ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሁንም በአሮጌው ዘዴ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ምክንያት የለውም። ማህተም ያረፈበትን ደብዳቤ ቃኝቶ ያለ አንድ ቃል ጽሑፍ በምስል ብቻ መላክም ለማጣሪያ አጠራጣሪ ነው፤ ቢያንስ ርዕሱንና ሁለት መስመር በጽሑፍ ያስገቡ።

በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቶ መልዕክት ዘነበብኝ

እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። ከማያውቋቸው ድርጅቶች «ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» የሚሉ መልዕክቶች በአንድ ጊዜ ከጎረፉ ሳጥኑን ማጽዳት አይጀምሩ። አንድ ሰው ሆን ብሎ አድራሻዎን በመቶ ቦታ አስመዝግቦ ይሆናል፤ ዓላማው ከጎርፉ ውስጥ አንዱን እውነተኛ መልዕክት፣ የባንክ ዝውውር ወይም የይለፍ ቃል ለውጥ ማሳወቂያውን፣ መደበቅ ነው። መጀመሪያ የባንክ ሂሳብዎን ይዩ፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፣ ጽዳቱ ይደርሳል።

ዝናቡ የዕለት ተዕለት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከሚያውቁት ድርጅት የሚመጣውን «ከዝርዝሩ አስወጣኝ» በሚለው ይሰናበቱ፤ የማያውቁትን ግን ምንም ነገር ሳይጫኑ አይፈለጌ ብለው ይክሰሱት፣ መጫንዎ አድራሻው ሕያው መሆኑን ይነግረዋልና። የአሜሪካ ሕግ ላኪው ጥያቄውን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጽም ያስገድዳል። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል።

ኮዱ «ልክ አይደለም» ይላል፣ ድረ ገጽም አይከፈትም

ሰዓቱን ይመልከቱ። እውነቴን ነው የምለው፤ ለዚህ ችግር ከሚመጡልኝ መሣሪያዎች ውስጥ ብዙዎቹ ሰዓታቸው የተሳሳተ ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጩት የስልክ ፕሮግራሞች በየ30 ሰከንዱ ቁጥሩን የሚያሰሉት ከሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ከተሳሳተ ቁጥሩም ይሳሳታል። የድረ ገጽ የምስክር ወረቀትም (ገጹ እውነተኛ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚያረጋግጠው) ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ ስላለው ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር 2032 ብለው ገዝተው ይተኳት። ስልክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእኛው አቆጣጠር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓትን 7:00 ብሎ ማንበብ የማይመቻቸው ወላጆቻችን ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ስልኩ ግን ያንን የተሳሳተ ሰዓት ትክክለኛ ጊዜ አድርጎ ይይዘዋል። መፍትሄው ራስ ሰር ሰዓቱን መልሶ ማብራትና የሰዓት ቀጣናውን ብቻ በእጅ ወደ ቦነስ አይረስ መቀየር ነው። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ስልኩ በሐበሻ አቆጣጠር 1:00 ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ጊዜ ግን ትክክል ይሆናል። ለአባቴ ካስተካከልኩለት ወዲህ የባንኩ ኮድ እምቢ ብሎት አያውቅም። ከሌላ ሰው የተላከ የስብሰባ ቀጠሮም በዚያው አቆጣጠር ተቀይሮ እንደሚታይ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከማሻሻያው በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳም

ሰማያዊ ገጽ ታይቶ ደጋግሞ ከጠፋ በጥንቃቄ ሁነታ (Safe Mode) አስነስተው የመጨረሻውን ማሻሻያ ያስወግዱ። በዚያ ጊዜ «ምን ነክተህ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ማንም ምንም ሳይነካ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀዋል። ፕሮግራሙ 21 መረጃ ሲጠብቅ የቀረበለት 20 ነበር፤ መነሻው ይህ ነው። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ አርሞታል፤ የወደቁትን ኮምፒውተሮች ግን ብዙዎቹን ባለሙያዎች አንድ በአንድ በእጃቸው አነሷቸው።

የፕሮግራም ውሎች «እንዳለ» ነው የሚሸጡልን ይላሉ፤ ብልሽት ቢደርስ ኃላፊነት የለብንም ነው ትርጉሙ። ድልድይ የሚሠራ ሰው እንዲህ ብሎ አይፈርምም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ማየት ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የምርት ኃላፊነት መመሪያ ሶፍትዌርን እንደ ማንኛውም ምርት ይቆጥራል፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 9 ቀን 2026 በኋላ ለገበያ በሚቀርቡ ምርቶች ላይም ይሠራል። የግለሰብ መረጃ መጥፋትም ካሳ ከሚያስጠይቁት ውስጥ ተካቷል።

እኛ እስከዚያው የምናደርገው ይህን ነው። ኮምፒውተሩን መልሰው ከማጥፋትዎ በፊት በማያ ገጹ ላይ ያለውን የስህተት ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የማሻሻያውን ቁጥር ከጎኑ ይጻፉ። ለሻጩ ወይም ለኩባንያው ሲያመለክቱ «አይሠራም» አይበሉ፤ «በዚህ ቀን ይህን ማሻሻያ ላካችሁ፣ ከዚያ በኋላ ይህ ቁጥር ታየ» ብለው ፎቶውን አያይዘው ይላኩ።