ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ በሰዎች ትስስር ወደ ውጭ ገበያ የሚገባበት መንገድ

በአዲስ አበባ የሚገኝ፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሠራተኞች ያሉት የሶፍትዌር ኩባንያ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ዱባይ ለመሸጥ ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ በጀቱን ቀድሞ የሚያውለው ለድረ ገጽ፣ ለማስታወቂያና ለዐውደ ርዕይ ነው። እነዚህ ጥቅም ቢኖራቸውም የመጀመሪያውን ደንበኛ የማምጣት ዕድላቸው አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱም የሒሳብ መዝገቡን ወይም የደንበኞቹን መረጃ በሌሎች ሶፍትዌር ላይ የሚያስቀምጥ ድርጅት ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን ሰዎች ማን ያውቃቸዋል ብሎ ይጠይቃል። ትልቅ ኩባንያ በስሙና በቅርንጫፎቹ መልስ ይሰጣል፤ ለትንሹ ኩባንያ ግን መልስ የሚሰጡለት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

ያን ዮሃንሶንና ያን ኤሪክ ቫልኔ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎች ወደ ውጭ የሚስፋፉት ገበያውን እየተማሩ ደረጃ በደረጃ እንደሆነ ጽፈው ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ግን ሐሳባቸውን አሻሽለው፣ ለአገሩ ባዕድ ከመሆን ይልቅ በዚያ ካሉት የንግድ ግንኙነቶች ውጭ መቅረት የባሰ እንቅፋት እንደሆነ አስረዱ። አይኮግ ላብስ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ኩባንያ ታሪክ ይህን በቅርብ ያሳያል። አቶ ጌትነት አሰፋ ኩባንያውን በ2013 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ አብሯቸው የነበረው ተመራማሪ ቤን ጎርትዘል በሆንግ ኮንግ ሐንሰን ሮቦቲክስ የተባለው የሮቦት አምራች ዋና ሳይንቲስት ሆኖ ስለሠራ፣ የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ሶፊያ በተባለችው የዚሁ አምራች ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ለመሥራት በቁ። ችሎታው ቢኖራቸውም፣ ያለዚያ ግንኙነት ከሆንግ ኮንግ ማን ይፈልጋቸው ነበር?

ስለዚህ ሥራው በመዝገብ ይጀምር። ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ ወደ ውጭ የሄዱ የቀድሞ ባልደረቦችን፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞችንና መምህራንን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬ ያሏችሁን ደንበኞች ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የት እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚያውቅና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተነጋገራችሁ ይመዝገብ። ደንበኞችን ያስቀደምሁት በምክንያት ነው። ለአንድ ዓለም አቀፍ የረድኤት ድርጅት የአዲስ አበባ ቢሮ ሶፍትዌር ሠርታችሁ ከሆነ፣ የድርጅቱ የምሥራቅ አፍሪካ ጽሕፈት ቤት ናይሮቢ ሊሆን ይችላል፤ የአዲስ አበባው የሎጂስቲክስ ኃላፊ ለናይሮቢ ባልደረባው የሚናገረው አንድ ቃል ከእናንተ ብዙ ኢሜይል ይበልጣል። የቅርብ ወዳጆች በአብዛኛው የሚያውቁት እናንተው የምታውቁትን ሰው ስለሆነ፣ በዓመት አንዴ የምታገኟቸውን ሰዎችም ከዝርዝሩ አታስቀሩ።

ትውውቅ ስትጠይቁ አገናኙ ምንም ሳይጨምርበት ሊያስተላልፈው የሚችል አጭር መልእክት አዘጋጁለት። ለምሳሌ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለድርጅታችሁ የአዲስ አበባ ቢሮ የሠራነው የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ካለፈው ዓመት ጀምሮ አገልግሎት እየሰጠ ነው። የናይሮቢ ቢሯችሁ የንብረት ቆጠራውን አሁን በምን መንገድ እንደሚያከናውን ለመረዳት ሃያ ደቂቃ ቢሰጡን እናመሰግናለን።» ይህ መልእክት ግዙን አይልም፤ የተሠራ ሥራ ይጠቅሳል፣ የሚጠይቀውም ጊዜ ውስን ነው። አገናኙ የገዛ ስሙን ስለሚያስይዝላችሁ፣ ንግግሩ ባይሳካ እንኳ ውጤቱን በዚያው ሳምንት ንገሩት፤ ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አያገናኝም።

በዋሽንግተን አካባቢና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ሆኖም ዝምድና ብቻውን ገበያ አያመጣም። በሆስፒታል የመረጃ ክፍል የሚሠራ ሰው ለጤና ሶፍትዌር ብዙ ሊረዳ ይችላል፤ ለእርሻ ሶፍትዌር ግን ከመልካም ምኞት የሚያልፍ ነገር ላይኖረው ይችላል። ሰውን ያለ ክፍያ የሽያጭ ሠራተኛ ማድረግም ተገቢ ስላልሆነ፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስፈር። ብቸኛ ወኪል ልሁን የሚል ቢመጣ፣ ውሉ በአንድ አገርና በአንድ ዓመት ይወሰን፤ የሽያጭ ግቡ ካልተሟላም የሚቋረጥበት አንቀጽ ይኑረው።

በሕግ ጉዳይም የአገሩን አሠራር የሚያውቅ አጋር ያስፈልጋል። ኬንያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ስለዚህ መረጃው በየትኛው አገር ሰርቨር እንደሚቀመጥ ከውሉ በፊት መታየት አለበት። የክፍያውን መንገድ ደግሞ ከባንካችሁ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

የመጀመሪያው ውል እንደተፈረመ ወዲያው ሌላ ትውውቅ አትጠይቁ። ደንበኛው ሥራውን ተረክቦ ጥቂት ወራት ከተጠቀመበትና የገጠመው ችግር ከተፈታለት በኋላ፣ በዚያው ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ያለባቸውን ሁለት ድርጅቶች እንዲጠቁማችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስተዋውቃችሁ የአገሩ ሰው ይሆናል።